ሌባሻይ ካሜራ ፊት

ዳይሬክተሩ ለፖሊስ ድራማው አዲስ ክፍል ሁለት ነገር ተዋሰ። ከውጭ ፊልም፣ መርማሪው በጠራራ ፀሐይ የሚለብሰውን ረጅም ጥቁር ካፖርት ወሰደ። ከድሮ ሰዎች ወሬ ደግሞ፣ መድኃኒት ጠጥቶ እየተንገዳገደ የሌባው ደጅ ላይ የሚወድቀውን ሌባሻይ።

በመድኃኒቱ ፋንታ ቀዝቃዛ ሻይ ተቀዳ። ሌባሻይ ሆኖ የሚጫወተው ተዋናይ ጨለጠው፣ ዓይኑን አገላበጠና መንገዳገድ ጀመረ። የሌባው ቤት ተብሎ የተዘጋጀው ቀይ በር ላይ ውደቅ ተብሏል። እሱ ግን በሩን አልፎ፣ ከካሜራው ጀርባ የቆመው ፕሮዲዩሰር እግር ላይ ዘጭ አለ።

«ኧረ ልመልሰው ነበር!» ፕሮዲዩሰሩ ከኪሱ የወርቅ ቀለበት መዥረጥ አደረገ። «ወድቆ አግኝቼው ነው፣ እናቴ ትሙት!»

ዋናዋ ተዋናይት ባዶ ጣቷን ዳበሰች። ለቀረጻ ብላ ያወለቀችው ቀለበት መጥፋቱን ገና አላወቀችም ነበር።

«ጋሼ፣ እኔን እኮ የመብራቱ ገመድ ነው የጠለፈኝ» አለ ተዋናዩ፣ ጉልበቱን እያሻሸ።

ገመዱ ተነሳና ቀረጻው እንደገና ተጀመረ። ተዋናዩ ሻዩን ጨልጦ ገና አንድ ጊዜ ሲንገዳገድ፣ ከካሜራው ጀርባ የቆመው ሁሉ ተበተነ። መርማሪው እንኳ ካፖርቱን ጥሎ ሮጠ። «ከት!» የሚልም አልተገኘም፤ ዳይሬክተሩ አጥር እየዘለለ ነበር።