የጠመንጃው ዋስ

"ዋሱ ማን ይሁን?" ብሎ የመድን ሠራተኛው አምና በጠየቀ ጊዜ ያምሮት ወደ ባሏ ዞረች። ፊደል ስለማትለይ ምናየሁ ያሳያት ቦታ ላይ በአውራ ጣቷ አተመች።

በአዲሱ ሕግ ጠመንጃ ያለው ሁሉ የጥብቅና መድን ይገባል። ሰው ቢገድል መድኑ ጠበቃ ያቆምለታል፤ ፍርዱ እስኪሰጥ ግን የሚታሰረው ዋሱ ነው። ዋስ ተብላ የተጻፈችው ልጃቸው ብርቄ ነበረች። አባቷ ጠመንጃውን አንግቶ በወጣ ቁጥር መድኑ እጇ ላይ ያሰረው የዋስ አምባር ይቀላል፤ እስኪመለስ ድረስ ጎረቤት ጨው ለመበደር እንኳ ከደጃፍ አታልፍም።

ዘንድሮ ውሉ ሲታደስ ያምሮት ወረቀቱን ተቀብላ በጣቷ እየተከተለች አነበበችው።

"የልጄ ስም ይሰረዝ" አለች።

"ፊደል ቆጠረችና ዳኛ ሆነችብን" አለ ምናየሁ።

"ወንድምህ ይፈርምልህ። ጠመንጃህን ሲያሞግስ አይደል የሚውለው?"

አጠገባቸው የተቀመጠው ወንድሙ ጉሮሮውን ጠረገ። "እኔማ ልጆች አሉብኝ፣ ወንድም ጋሼ።"

"ይቺስ የማን ልጅ ናት?" አለች ያምሮት።

ያምሮት ሳታትም ወረቀቱን ለሠራተኛው መለሰች። ዋስ የሌለው ጠመንጃ ቤት አይቀመጥምና ሠራተኛው የብርቄን አምባር ፈትቶ ጠመንጃውን ከግድግዳ አወረደ። ያምሮት ቅልል አላት።

እሑድ የብርቄ ጓደኛ ሰርግ ነበር። ብርቄ ሄደች፤ ያለ ጠመንጃ ሰርግ አልገባም ያለው ምናየሁ ቤት ቀረ።