ቅዳሜ ማታ ዝም ያለው ቻናል

"ቁልፉን ይስጡኝ!"

"አልሰጥህም።"

"ሞተሩ የኔ ነው እኮ ጋሼ!"

"ያንተ ነው፣ ማን ካደህ? ዛሬ ግን አትሄድም..."

እሁድ ጠዋት አንድ ሰዓት ነው። ጌጃ ሰፈር፣ የፊራኦል ሞተር በሚያድርበት በጋሽ ተስፋሚካኤል ጋራዥ በር ላይ።

ፊራኦል በንዴት ሊፈነዳ ደርሷል። ሜክሲኮ አደባባይ ላይ ስድስት ጓደኞቹ ሞተራቸውን አስነስተው እየጠበቁት ነው። ስልኩ እረፍት አጥቷል።

ከጎኑ ታናሽ እህቱ ለሊሴ ሄልሜቷን አጥልቃ ቆማለች... ከኋላው ተቀምጣ ከከተማ ስትወጣ የመጀመሪያዋ ነው። እናታቸው "እህትህን አደራ" ያለችው ሦስቴ ነው።

ጋሽ ተስፋሚካኤል የሰፈሩ የሞተር መካኒክ ናቸው። ስልሳን አልፈዋል። ቀይ ሞተራቸው ቀለሟ ተልጦ አልቋል። ልጆቹ "ጋሼ፣ ይቺ እዚሁ ሰንጋ ተራ እንኳ ታደርሳለች?" እያሉ ይቀልዱባቸዋል፤ እሳቸውም አብረው ይስቃሉ።

ዛሬ ግን አልሳቁም። ግራ እጃቸው በጨርቅ ተጠቅልሏል።

"ስማኝ ልጄ... ዛሬ የምትሄዱበት ቁልቁለት ተንዷል። ትናንት በዓይኔ አይቼዋለሁ።"

ፊራኦል ሳቁን ለቀቀው።

"በዚች ሞተር? እዚያ ድረስ?"

"አዎ።"

"ጋሼ፣ ሙድ አይያዙብኝ! ተንዶ ቢሆን ቻናሉ ይነግረን ነበር።"

ስለ ቻናሉ ልንገራችሁ...

እነ ፊራኦል ከአንድ የቴሌግራም ቻናል በቀር ማንንም አያምኑም። ባለቤቱን የሚያውቅ የለም። ስም የለው፣ ፎቶ የለው። ቅዳሜ ቅዳሜ ማታ ግን የእሁዱን መንገድ ይጽፍላቸዋል።

"ከሦስተኛው ኩርባ በኋላ ጠጠር አለ፣ ቀስ በሉ።"

"ድልድዩ ጋ ሦስት ሰዓት ላይ ከብት ይሻገራል።"

"ዳገቱን ስትጨርሱ ቆም ብላችሁ ወደ ኋላ እዩ፣ አገሩ ሁሉ ይታያል።"

አንድም ቀን ተሳስቶ አያውቅም። ልጆቹም "ይሄ ሰው አራዳ ነው፣ ወጣት ነው፣ ውድ ሞተር አለው" ብለው ደምድመዋል።

ሐሙስ ዕለት ፊራኦል ስለዚህ ጠመዝማዛ ቁልቁለት ጠይቆት ነበር። መልሱ አጭር ነበር፦ "ቅዳሜ ሄጄ አየውና እነግራችኋለሁ።"

ቅዳሜ መጣ... ቻናሉ ዝም።

ፊራኦል ዝምታውን እሺ እንደማለት ቆጠረው። "ችግር ቢኖር ይጽፍ ነበር" አለ። ወገኖቼ፣ ስንቶቻችን ነን እንዲህ ለልባችን የሚመቸውን ብቻ የምንሰማ?

ጋሽ ተስፋሚካኤል አንድ ነገር ሊናገሩ አፋቸውን ከፈቱ... ግን ተዉት።

"እርስዎ አርጅተው መሄድ ሲያቅትዎ እኛንም ሊያስቀሩን ነው?" አለና ፊራኦል ቁልፉን ከእጃቸው መነጨቀ።

ለሊሴ ደነገጠች። "ፊራ፣ ምን ነካህ? ይቅርታ በላቸው!"

"ተቀመጪ፣ ረፍዷል!"

ሽማግሌው "ቢያንስ እሷን ተዋት!" እያሉ ከኋላ ሮጡ። አልደረሱባቸውም።

...

ቁልቁለቱ በእውነት ያምር ነበር። ኩርባ በኩርባ... ሌሊቱን ሲዘንብ ያደረው ዝናብ አስፋልቱን አጥቦታል። ጓደኞቹ ከኋላ ያፏጫሉ። ፊራኦል ከፊት ነው። ሰባ... ሰማንያ...

ድንገት አስፋልቱ ላይ ቅጠሉ ያልደረቀ ቅርንጫፍ አየ።

ትንሽ አለፍ ብሎ ሌላ...

ከዚያ ድንጋይ፣ መንገዱን አቋርጦ የተደረደረ።

የከባድ መኪና ሾፌር ቢሆን ወዲያው ይገባው ነበር። "ከፊት አደጋ አለ፣ ቁም" ማለት ነው። ፊራኦል ግን የከተማ ልጅ ነው።

"ሌቦች ናቸው!" ብሎ ጮኸ። "አጥብቀሽ ያዢኝ!"

በድንጋዮቹ ዳር ሾልኮ ሊያመልጥ ነዳጅ ሰጠ።

"ፊራ ቁም! ሰው አለ! በእናትህ ቁም!"

አንድ ገበሬ ጋቢያቸውን እያውለበለቡ መሐል መንገድ ላይ ገቡ። ፊራኦል ፍሬን ያዘ። ሞተሩ ተንሸራተተ... ዞረ... ድንጋዮቹ ጋ ሲደርስ ቆመ።

ከድንጋዮቹ ወዲያ አሥር እርምጃ ያህል አስፋልት አለ። ከዚያ በኋላ መንገዱ በግማሽ ተቆርጦ ገደል ገብቷል።

ለሊሴ ዳር ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ፊራኦል ወደ ገበሬው ዞረ።

"አባቴ... ይሄን የደረደሩት እርስዎ ነዎት?"

"እኔ አይደለሁም" አሉ ገበሬው። "ትናንት አንድ ሽማግሌ በአሮጌ ቀይ ሞተር መጥቶ እዚህ አፋፍ ላይ ወደቀ። ስልኩ ገደል ገባ። እጁ እየደማ ቅርንጫፍ ቆረጠ፣ ድንጋይ ተሸከመ። 'ነገ ልጆቼ ይመጣሉ፣ አሁን በምን እጽፍላቸዋለሁ?' እያለ ሲጨነቅ ዋለ። በጠዋት ወጥቼ እንድጠብቃችሁ አስምሎኝ ነው የሄደው።"

በምን እጽፍላቸዋለሁ...

ፊራኦል ሄልሜቱን አውልቆ መሬት ላይ ተቀመጠ። አንድ ዓመት ሙሉ ቀድሞ እየሄደ መንገዱን ሲያይላቸው የኖረው፣ ያ ስም የሌለው አራዳ፣ ጋሽ ተስፋሚካኤል ነበሩ!

ከሰዓት በኋላ ሁሉም ጌጃ ሰፈር ተመለሱ። ፊራኦል እግራቸው ላይ ወደቀ። እሳቸው ግን መጀመሪያ ያዩት ለሊሴን ነው። ከእግር እስከ ራሷ አዩዋትና "ተመስገን" ብለው አለቀሱ።

"ጋሼ፣ ቻናሉ የኔ ነው ቢሉኝ ኖሮ እኮ..."

"ልልህ ነበር ልጄ። በዓይኔ አየሁ ስልህ ሳቅህብኝ። ቻናሉ የኔ ነው ብልህማ እንዴት ልትስቅብኝ ነበር?"

ፊራኦል የቆሰለ እጃቸውን ሳመ።

ወዳጆቼ... ፊቱን አይተነው የማናውቀውን ሰው እናምናለን፣ ፊት ለፊታችን ቆሞ የሚለምነንን ሰው ግን በልብሱና በሞተሩ እንመዝነዋለን። ምክር ሲሰጣችሁ ሰውየው ምን እንደሚነዳ አትዩ፤ ምን አይቶ እንደመጣ ጠይቁት።

እናንተስ... ምክሩን ንቃችሁ በኋላ የተጸጸታችሁበት ሰው ማን ነው? ስሙን ከታች ጻፉልኝ... በሕይወት ካለ ግን መጀመሪያ ለእሱ ደውሉለት።