የካፒቴኑ ድንጋይ

ጠበቃው ሳሎኑ ውስጥ ባሕር ነበረው። ከግድግዳ እስከ ግድግዳ የሚደርስ የመስታወት ገንዳ፣ ቀን ከሌት የሚያጉረመርም ፓምፕ፣ ሰማያዊ መብራት። እንግዳ ሲመጣ ወንበሮቹ ወደ ሰው ሳይሆን ወደ ገንዳው ዞረው ይጠብቁታል። መሐል ላይ አንዲት ወይን ጠጅ ኮራል፣ ድንጋይ ላይ የምትበቅል የባሕር እንስሳ፣ ተቀምጣለች። አውራ ጣት ሳታክል ገዝቶ መዳፍ አሳክሏታል። «ንግሥት» ይላታል። ሚስቱን እንዲህ ብሎ ጠርቷት አያውቅም።

የባሕር ጨዉን፣ ዓሣውንና ድንጋዩን የሚያቀርብለት ካፒቴን የሚሉት የሰፈሩ ባለሱቅ ነው። ካፒቴን ባሕር አይቶ አያውቅም፤ የመርከበኛ ኮፍያው ግን ከራሱ አይወርድም።

ጣጣው የመጣው ካፒቴን ከሸጠለት ድንጋይ ጋር ነው። አንድ ጠዋት ድንጋዩ ጥግ ላይ ቡናማ አበባ የመሰለ ነገር ተገኘ። አበባ አይደለም፤ እንስሳ ነው። ያገኘውን ይበላል፣ አጠገቡ ያለውን ኮራል ይለበልባል፣ ቢቆርጡት ከቁራጩ መልሶ ይበቅላል። አኔሞን ይሉታል። ገንዳ ያላቸው ሰዎች ስሙን የሚያነሱት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው።

ጠበቃው ጥጉን በመዶሻ ሸርፎ አወጣና ለሚስቱ አቀበላት።

«ውሰጂና ጣይልኝ። በሕይወት እንዳይቀር።»

«በምን ልያዘው? ቢለበልበኝስ?»

«ባገኘሽው ዕቃ ያዢው እንጂ!»

በጃም ጠርሙስ ይዛው ወጣች።

በዚያ ዘመን ጠበቃው ማታ ማታ ስብሰባ ነበረው። የስብሰባው አጀንዳ አይታወቅም፤ ሽቶና የተተኮሰ ሸሚዝ ግን ይጠይቃል። ያን ሰሞን ሁሉንም ሰረዘና አፍንጫውን መስታወቱ ላይ ለጥፎ ድንጋይ በድንጋይ መረመረ። ሚስቱ ባትሪ አበራችለት። ምንም አልተገኘም።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ግን ንግሥት እግር ሥር ሌላ አኔሞን ብቅ አለ። ቀጥሎም ወንድሞቹ።

«እንዲያው ይኼ ገንዳ ተሽጦ በተገላገልኩ!» አለች ሚስቱ። «ያ ሰውዬህ ደግሞ ከመጀመሪያውም ዓይኑ አላማረኝም።»

ካፒቴን መፍትሔ አላጣም። መጀመሪያ በመርፌ አፋቸው ውስጥ የሚወጋ ፈሳሽ ሰጠው። ጠበቃው ሚስቱን ባትሪ አስይዞ ሲወጋ አመሸ። አንዱ ሲሞት ሌላው ሌላ ጥግ ላይ ክንዱን ያውለበልባል። ቀጥሎ አኔሞን ይበላል የተባለ ሽሪምፕ መጣ፤ የዓሦቹን ምግብ እየነጠቀ ወፈረ። ከዚያ ቢራቢሮ ዓሣ መጣ፤ አንዱን ቀምሶ ፊቱን አዞረ። የንግሥት ጫፍ ግን መንጣት ጀመረ። ጠበቃው እንቅልፍ አጣ።

ጠበቃ ነውና ማስረጃ ማሰባሰብ ያዘ። ጨዉ ከወትሮው ቶሎ ያልቃል፤ የካፒቴን ሚዛን ነው። ፍሪጅ ውስጥ ያለው የዓሣ ምግብም እንዲሁ፤ ይኼም ካፒቴን ነው። የሚስቱን የቅንድብ ወረንጦ ለምርመራ ቢያነሣ እሱ እንኳን ዝጓል።

«ይኼ ምን ሆኖ ነው?»

«የመታጠቢያ ቤቱ እንፋሎት ነዋ! ደግሞ የሰው ወረንጦ ማን ውሰድ አለህ?»

ይኼን ከማስረጃው አወጣው። ቅዳሜ ረፋድ ላይ ካፒቴን ሱቅ ደረሰ።

«ካፒቴን፣ መጀመሪያ በሽታውን ትሸጣለህ፣ ከዚያ መድኃኒቱን ትሸጣለህ።»

«ኧረ ጋሼ፣ በፈጣሪ! ከዚያች ድንጋይ ወዲህ ከእኔ አንዲት ጠጠር ገዝተዋል?»

«እዚህ ጠያቂው እኔ ነኝ!»

የዚያኑ ቀን የገንዳ ባለቤቶች በሚወያዩበት የስልክ ቡድን ላይ የክስ ቻርጅ የመሰለ ጽሑፍ ለጠፈ። የካፒቴን ደንበኞች አንድ በአንድ ሱቁን አልፈው መሄድ ጀመሩ።

በሳምንቱ ካፒቴን ባልዲውን አንጠልጥሎ መጣ። ለመጀመሪያ ጊዜ ኮፍያውን አውልቋል፤ መላጣ ነበር።

«ጋሼ፣ ስሜን ይመልሱልኝ። ገንዳዎን እኔ አጸዳዋለሁ።»

ድንጋዮቹን በሙሉ አውጥቶ በአዲስ ተካ። ንግሥትን እንደ አራስ ልጅ አቅፎ በማጉያ መነጽር ፈተሻት። ፓምፑን ፈታ፣ ቱቦዎቹን በፈላ ውሃ አጠበ። ሲጨርስ እጁ በጨው ተሰነጣጥቆ ነበር።

«ከዛሬ በኋላ አንዲት ብትገኝ ሱቄን ዘግቼ ከዚህ ሰፈር እጠፋለሁ» አለ።

«ምስክር ፊት ነው የተናገርከው» አለ ጠበቃው፤ ወደ ሚስቱ ዞሮም፣ «ሰምተሻል አይደል?»

«ሰምቻለሁ» አለች፣ ለካፒቴን ፎጣ እያቀበለች።

ገንዳው ጸዳ። ንግሥት ጫፏ እንደገና ወይን ጠጅ ሆነ። ጠበቃው ክሱን ከስልኩ ቡድን አነሣ፤ «ለጊዜው» የሚል ቃል ግን አልረሳም። ማታ ማታ የተያዘው ባትሪ ወደ መሳቢያው ተመለሰ።

ከዚያ አንድ ቀን ከሥራ መልስ ገላውን ታጠበ፣ ተላጨ፣ ሽቶውን ነሰነሰ።

«ስብሰባ አለኝ።»

«ገንዳውስ?»

«ገንዳው ከአሁን በኋላ እኔን አይፈልገኝም።»

«ይሁና» አለች ሚስቱ። ኮሌታውን አስተካከለችለት። «ብቻ ብዙ አትቆይ።»

የመኪናው ድምፅ ሲርቅ፣ ልብስ ማጠቢያ ክፍሉ መስኮት ላይ ከሳሙናዎቹ ጀርባ የጃም ጠርሙሷን አወጣች፣ ክዳኑን ከፈተችና በወረንጦዋ ከአኔሞኖቹ ወፈር ያለውን መረጠች።