የላስቲኩ ብርድ ልብስ

ፊት ለፊት ባለው ፎቅ ላይ የስልክ አንቴና ከተተከለ ወዲህ አያት ጨረሩን ፈርተዋል። ጨረር ይመልሳል የተባለውን፣ እንደ መስታወት የሚያብረቀርቅ የላስቲክ ብርድ ልብስ ገዝተው የልጅ ልጃቸውን ቢያለብሷት፣ "ሲንኮሻኮሽ አያስተኛኝም" ብላ እናቷ ቤት ሄደች። እሳቸው ግን ፍራሹ ጨረር እንዳይጠጣ ብለው ባዶ አልጋዋን በላስቲኩ እንደሸፈኑ ናቸው።

ዛሬ ከምሳ በኋላ ደወሉላት።

"ድንቡሼ፣ ቤቱ ጭር አለብኝ። መቼ ነው የምትመጪው?"

"ያንን ላስቲክ ካነሳሽው ዛሬውኑ፣ እማማ።"

"ለአንቺው ብዬ እኮ ነው። እሺ ይሁን፣ አነሳዋለሁ። ከብቸኝነትስ ጨረሩ ይሻለኛል።"

"ጎበዝ። ይኸው፣ ስታነሺው ሲንኮሻኮሽ ይሰማኛል።"

አያት ገና ከወንበራቸው አልተነሱም። ወደ ልጅቷ አልጋ ዞር ሲሉ፣ ከላስቲኩ ሥር በልጅ ቁመት ያበጠ ነገር ቀስ ብሎ ወደ ግድግዳው ተገላበጠ።