የዳማ ፉጨት

ፈረሴን ዳማን ውኃ የማጠጣው እያፏጨሁለት ነበር። ካላፏጨሁለት አይጠጣም። ባለፈው የካቲት ግን ፉጨቴን ሲሰማ አንገቱን ጠምዝዞ ወደ ጋጣው ግድግዳ ዞረ። ለሃጩ ይዝረበረብ ነበር።

ልጄ ይመኙሽ «ጉሮሮው ላይ የተሰነቀረ ነገር አለ» ብላ እጇን ወደ አፉ አስገብታ ፈለገች። ምንም አላገኘችም። ጥርሱ ጣቷን ጫር አደረጋት።

ፈረሱ በሳምንቱ ሞተ። ጎረቤታችን ጎሹ፣ ዳማን እብድ ውሻ ነክሶት እንደነበር ነገረን። ውሻው ሰው አልነካም ብለን ጤና ጣቢያ ሳንሄድ ቀረን። የጣቷም ቁስል ዳነ። እናቷ ከሞተች ወዲህ ያለችኝ እሷ ብቻ ናት።

ግንቦት ላይ ከአዲስ ቅዳም ገበያ ደክሟት ተመለሰች። ውኃ ቀዳሁላት። ጣሳውን ወደ አፏ አስጠግታ መለሰችው። ደግማ ሞከረች፤ እጇ ተንቀጠቀጠ፤ ውኃው ቀሚሷ ላይ ፈሰሰ።

«ጉሮሮዬ እምቢ አለኝ» ብላ ሳቀች። «እኔም እንደ ዳማ ቀብጬ ይሆናል። እስቲ ያፏጩልኝ፣ አባባ!»

ከንፈሬ ደርቆ ነበር። እንደምንም አፏጨሁላት።

አንገቷን ጠምዝዛ ወደ ግድግዳው ዞረች።