ሦስተኛው ሽምግልና

ገሜዳ የበግ ሰኮና እየከረከመ ቀና ሲል ሁለት ሽማግሌዎች አጥሩን አልፈው ገብተዋል። ገና ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት አልሞላም።

አባ ቀነኒሳ ከፊት፣ ኃይለ መስቀል ከኋላ። ለምን እንደመጡ አልጠየቃቸውም። እነዚሁ ሰዎች በዚሁ ሰዓት ሁለት ጊዜ መጥተውበታል፤ ከታናሽ ወንድሙ ከያደሳ ሊያስታርቁት። ሁለቱንም ጊዜ መልሷቸዋል።

ነገሩ የአንዲት ጥቁር በግ ነበር። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ከያደሳ መንጋ ጠፋች። ያደሳም 18 ማዞሪያ ላይ፣ በበዓል ዋዜማ፣ በጎቹን ይዞ የቆመውን ታላቅ ወንድሙን ገዢ ፊት ሌባ አለው። በሳምንቱ በጓ ገደል ውስጥ ሞታ ተገኘች። ያደሳ ይቅርታ አላለም። ዳገቱን ትቶ አየር ጤና ወረደ፣ እዚያው ቀረ። ገሜዳ መኪና የማይወጣበት ቀራኒዮ ዳገት ላይ ከበጎቹ ጋር ከረመ።

ተቀመጡ አላቸው። አልተቀመጡም። ሚስቱን ተናኘን ቁርስ አምጪ አላት። አባ ቀነኒሳ ቁርሱ ይቅር አሉ። ሽማግሌ እሺ ሳይባል እህል እንደማይቀምስ ገሜዳ ያውቃል።

ኃይለ መስቀል ያለቀልድ አያውቅም። ባለፈው፣ በጎችህ ይሻሉሃል፣ ተዋግተውም ባንድ ገንዳ ይበላሉ ብሎት ነበር። ዛሬ ዝም ብሎ መንገዱን ያያል። የሰፈር ሴቶች አንድ ሁለት እያሉ ወደ ጎረቤቱ ወደ ሰርኬ ግቢ ገቡ። ወሬ ሊለቅሙ ነው ብሎ ገሜዳ በሆዱ ተናደደ።

"ድንጋይ ተሸክሞ ራሱ ለምን አልመጣም?" አለ።

"መምጣት አልቻለም" አሉ አባ ቀነኒሳ።

"ኩራቱ ነው።"



ገሜዳ የሚፈልገው አንድ ነገር እንደሆነ ነገራቸው። ካሳ አይደለም፤ በግም አይደለም። ያደሳ ሰው ፊት፣ በደልኩት ይበል። ያን ካላለ አትድከሙ አላቸው።

"ብሏል" አሉ አባ ቀነኒሳ። "ትናንት። ሁለታችንም ነበርን። ወንድሜን ባላጠፋው ሌባ አልኩት፣ ይቅር ይበለኝ አለ።"

ገሜዳ ካራውን ሱሪው ላይ ጠረገ። ድንጋይ ላይ ቁጭ አለ። ከዚያ ተነሳ።

"ይቅር ብዬዋለሁ አባ ቀነኒሳ። ከልቤ ነው። ንገሩልኝ።"

ሽማግሌው ሊናገሩ አፋቸውን ከፈቱ። ገሜዳ ግን ወደ ጋጣው ሄዷል። ትልቁን ሙክት በገመድ እየጎተተ አወጣው። ተናኘን ጠርቶ፣ ያደሳ ዛሬ እዚህ ነው የሚበላው አላት። ፊቱ በርቷል።

ሴቶቹ ከሰርኬ ግቢ ወጥተው ከተናኘ ኋላ ቆሙ። አባ ቀነኒሳ ቀስ ብለው ገመዱን ከእጁ ወሰዱ።

"ጋቢህን ልበስ፣ ልጄ። ቀብሩ ስድስት ሰዓት ነው።"