የማዕዘኑ ቤት ጸጥታ

ሊቀመንበሩ «ይሸጣል» የሚል ሰሌዳ አጥሩ ላይ በሰቀለ በሳምንቱ፣ ከጎረቤት ግቢ ያለችውን ሰርቪስ ክፍል አንድ ጡረተኛ ትራምፔት ነፊ ተከራየ።

የቤት ሠሪዎች ማኅበሩ ከፈረሰ ዘመን ሆኖታል፤ ሰፈሩ ግን ሰውየውን ዛሬም «ሊቀመንበሩ» ነው የሚለው። ቤቱ የማዕዘን ቤት ነው። በፊት ለፊቱ ዛፍ ያጠላበት መንገድ፣ በጀርባው መናፈሻ አለ። ዋጋ ሲጠየቅ ስለ ግድግዳው አያነሳም፣ ስለ ጣሪያው አያነሳም። «እኔ የምሸጠው ጸጥታ ነው» ይላል።

ትራምፔቱ በቀን ሁለቴ ይነፋል። ጠዋት ከሦስት እስከ አምስት፣ ከሰዓት ከዘጠኝ እስከ አሥራ አንድ። ዜማው አንድ ነው፤ ጫፍ ላይ ሲደርስ ይሰበርና ከሥር ይጀመራል።

መጀመሪያ የመጣው ባለፋርማሲ ሳሎኑን አይቶ ሳይጨርስ ወጣ። ቀጥላ የመጣችው ባለሆቴል ጆሮዋን ይዛ መኪናዋ ውስጥ ገባች። ሊቀመንበሩ ኩራቱን ዋጥ አድርጎ የጎረቤቱን በር አንኳኳ።

«ጌታው፣ ሰው ቤት ሊያይ ሲመጣ እንኳ ትንሽ ቢያርፉ ምናለበት?»

«ሳልነፋ ከዋልኩ ደረቴ ይዘጋል። ሐኪም ነው ያዘዘኝ።»

«እስከ መቼ?»

«አይጨነቁ፣ ብዙ አልቆይም። የራሴ ቤት እስካገኝ ነው።»

«እሱስ መቼ ነው የሚገኘው?»

«እንደ ዕድሌ!» አለ ነፊው፣ ትራምፔቱን በእጅጌው እየወለወለ።

በስድስት ወር ውስጥ ዋጋው ሦስት ጊዜ ወረደ። ሲስቅ ጥርሱ ሁሉ ስለሚታይ «ሠላሳ ሁለት» የሚሉት ደላላ፣ በሦስተኛው ጊዜ አልሳቀም።

ልብስ ሰፊዋና ኤሌክትሪሺያን ባሏ የመጡት ይኼኔ ነው። አራት ዓመት ቤት ፈልገዋል።

«በእኛ አቅም የሚገኘው ነፋስ እንኳ ታክሲ ይዞ የሚሄድበት ቦታ ነው» አለ ባልየው ለደላላው። «ደህና ሰፈር ያለ ቤት ለእኛ የሚታይ እንጂ የሚገባበት አይደለም።»

ሊቀመንበሩ ይህን ሲሰማ አንጀቱ ቅቤ ጠጣ። የዋሆች ናቸው። «ከሰዓት ስምንት ሰዓት ላይ ኑ፤ ሌላ ጊዜ አይመቸኝም» አላቸው።

በስምንት ሰዓት መጡ። ሰፈሩ እንደ ባዶ ማሰሮ ጭጭ ብሏል። ባልየው ሶኬቱን ሁሉ አንድ በአንድ ፈተሸ። ሚስትየው ሜትሯን ከአንገቷ አውርዳ መስኮት መለካት ጀመረች። ትለካለች፣ ትጽፋለች፣ ደግማ ትለካለች። ስምንት ተኩል ሆነ። ለዘጠኝ ሩብ ጉዳይ ሆነ።

«ልጄ፣ መጋረጃው ይደርሳል፤ ሂዱና ሌላ ቀን ትለኪያለሽ» አለ ሊቀመንበሩ።

«ምን ያስቸኩላል ጋሼ? የማዕዘን ቤት በየትኛው ዕድል ነው የሚገኘው?»

ሊቀመንበሩ ሰዓቱን አየ። ዘጠኝ። ትራምፔቱ ከጀመረ በወሬ ሊያፍነው አስቦ ድምፁን ከፍ አደረገ።

«ዕድልማ የኔ ናት! ይኼ ቦታ መጀመሪያ የኔ አልነበረም። የዕጣው ዕለት ለተራ ቁጥር አሥራ ሰባት ወጣ። ሦስት ጊዜ ተጣራሁ፤ አሥራ ሰባት! አሥራ ሰባት! አሥራ ሰባት! ‹አለሁ› የሚል ጠፋ። ያልተገኘ ይሰረዛል የሚል ደንብ ነበረና ሰረዝኩት፤ ቦታውም ለእኔ ሆነ። ደንቡን ያወጣሁትም እኔ፣ ቀኑን የቆረጥኩትም እኔ!»

«ታዲያ የት ሄዶ ነው?» አለ ባልየው።

«ለሥራ ክፍለ ሀገር ልከውኝ ነው እያለ ዓመት ሙሉ አቤት ሲል ከረመ። ማን ይሰማዋል? ስሙን እንኳ ረስቼዋለሁ።»

ሜትሩ ከሚስትየው እጅ ወደቀ። ጎንበስ ብላ አነሳችው።

«ደግ አደረጉ» አለች።

ዘጠኝ ተኩል ሆነ፤ ከወዲያ ማዶ ኮሽታ የለም። ሊቀመንበሩ ዕድሉን በሆዱ አመሰገነ። ሁሉም ገዢ ጸጥታውን ይጠይቃል፤ እነዚህ ግን ስለ ጎረቤት አንድ ቃል አልተነፈሱም። ብቻ ባልየው ኮንትራት ሲፈረም፣ «ጥቂት ካልቀነሱልን አልገዛም» ብሎ ድርቅ አለ። ሊቀመንበሩ አራተኛ ጊዜ ወረደለት። ጠዋት ሦስት ሰዓት ሞልቶ ትራምፔቱ ሳይጀምር ፈርሞ መገላገል ነበር የፈለገው።

ቁልፍ የሚያስረክብበት ቀን ሰዓቱን ራሱ መረጠ፤ ከሰዓት ዘጠኝ። አሁን ቤቱ የእሱ አይደለምና ትራምፔቱ ሲጀምር ፊታቸውን ለማየት ጓጉቷል። ሠላሳ ሁለትን እንኳ ሹክ ብሎታል፤ ደላላው ከወዲሁ ጥርሱን ገልጦ ቆሟል።

ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። ዝም።

«ዛሬስ ምን ነክቶት ነው?» አለ ሊቀመንበሩ ሳያስበው።

«ማንን ነው ጋሼ?» አለች ልብስ ሰፊዋ፣ የውጭውን በር ወለል አድርጋ እየከፈተች።

የጎረቤት በር ሲጢጥ አለ። ጡረተኛው ሻንጣውን በአንድ እጁ፣ የትራምፔቱን ሳጥን በሌላው ይዞ ብቅ አለ። ጸጉሩን ተከርክሟል፤ ከረባት አስሯል። ሊቀመንበሩ፣ ዛሬ ይሄዳል ማለት ነው፣ ስድስት ወር ቀድሞ ቢሄድልኝ ምናለ ብሎ ከንፈሩን ነከሰ።

ልብስ ሰፊዋ ጉሮሮዋን ጠረገችና፣ እንደ ስብሰባ መሪ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ተጣራች።

«ተራ ቁጥር አሥራ ሰባት!»

«አለሁ!» አለ አባቷ፣ ሻንጣውን ይዞ ወደ ግቢው እየገባ።